4,294,967,297፦ አምስት ምሳሌዎች ያልበቁለት ቁጥር

አብዛኞቻችን አንድ ቀመር ሲሰጠን ሁለት ሦስት ምሳሌ ሠርተን፣ መልሱ ከተስማማልን አምነን እናልፋለን። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ማረጋገጫ መፈለግ ጊዜ ማባከን ይመስለናል። ይህ ልማድ የት ሊያደርስ እንደሚችል ለማሳየት ከ4,294,967,297 የተሻለ ቁጥር ማግኘት ያዳግታል።

ቁጥሩ 2³² + 1 ነው። ከእርሱ በፊት በዚሁ ሥርዓት የሚገኙ አምስት ቁጥሮች አሉ፤ 2 ወደ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ኃይል ከፍ ብሎ 1 ሲደመርበት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይገኛሉ። አምስቱም ፕራይም ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው ሙሉ ቁጥር የለም። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640፣ ማረጋገጫ እንዳላገኘ ሳይሸሽግ፣ ተከታዮቹም ሁሉ ፕራይም እንደሚሆኑ ገመተ።

ከ92 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1732፣ ሊዮናርድ ኦይለር የግምቱን ስሕተት አሳየ፦

641 × 6,700,417 = 4,294,967,297

ኦይለር ኋላ እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ከታች ጀምረን የምንሞክራቸው 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። ፌርማ የሳተው እጅግ በቀረበ ስፍራ ላይ ነበር ማለት ነው።

ካልኩሌተር ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ምን ይፈይዳል የሚሉ አይጠፉም። ካልኩሌተሩ መካፈሉን በቅጽበት ይነግረናል፤ ለምን እንደሚካፈል ግን አይነግረንም። ምክንያቱን በእርሳስና በወረቀት እንፈልገው።

640² − 1 = 639 × 641 ስለሆነ፣ 640⁴ − 1 ለ641 ይካፈላል። 640 = 5 × 2⁷ በመሆኑም ይህ ቁጥር 5⁴ × 2²⁸ − 1 ነው። በሌላ በኩል 641 = 5⁴ + 2⁴ ነው፤ ሁለቱንም ወገን በ2²⁸ ብናባዛ 5⁴ × 2²⁸ + 2³² እናገኛለን፤ ይህም ለ641 ይካፈላል። ከዚህኛው ላይ የመጀመሪያውን ስንቀንስ የሚቀረው 2³² + 1 ነው። ለ641 የሚካፈሉ የሁለት ቁጥሮች ልዩነትም ለ641 ይካፈላልና ነገሩ ተረጋገጠ።

በዚህ ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ የሚያልፍ ነገር የለም። ታላቅ ሊቅ ያመነበትን ግምት ለመመርመር የሚያስፈልገው መሣሪያ በተማሪው እጅ ይገኛል ማለት ነው። ከ65,537 በላይ እስከ ዛሬ አንድም የፌርማ ፕራይም አልተገኘም፤ ሌላ እንደሌለ ያረጋገጠም የለም።

ስለዚህ መምህራን ቀመር ሲሰጡ ማረጋገጫውን እንዳይዘሉት፣ ተማሪዎችም «ለምን?» ሳይሉ እንዳይቀበሉት እናሳስባለን። ምሳሌ መንገድ ይጠቁማል፤ እውነቱን የሚያጸናው ግን ማረጋገጫ ነው።