«ትዳር ይቆላል» አሉ!

ከደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ክፍል እስከ ሞዛምቢክ የሚኖሩት ትሶንጋዎች «ቩካቲ ብያ ካቲንጋ» የሚሉት አባባል አላቸው። «ትዳር ይቆላል» እንደ ማለት ነው። እኛ ያዘነችን ሚስት «ቻይው እንጂ!» እንደምንላት መሆኑ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ይቆላል ከተባለ አይቀር፣ ምጣዱ ላይ የምትጣደው ለምን ሚስት ብቻ ሆነች? ማማሰያውንስ የያዘው ማን ነው?

ነገሩ ከጥሎሹ ይጀምራል። የወንዱ ወገን ለልጅቷ ቤተሰብ ሎቦላ ይከፍላል፤ ድሮ ከብት፣ ዛሬ በአመዛኙ ገንዘብ። መቼም ሎቦላን «ሽያጭ ነው» ብሎ መዝለፍ ስህተት ነው። ሁለት ቤተሰብ የሚያስተሳስር ውል፣ ለልጅቷም የክብር ምልክት ነው። ችግሩ ባልየው ውሉን እንደ ዕቃ መግዣ ደረሰኝ ሲይዘው ነው። «ከፍዬብሻለሁ» ይላታል። ተደብድባ ወላጆቿ ዘንድ ብትሮጥ፣ ሎቦላውን የመመለስ ጣጣ አለና «ወደ ቤትሽ ተመለሽ» ልትባል ትችላለች።

ያኔ የቀራት ፓስተሩ ነው። ሁሉም አንድ ናቸው አልልም፤ ግን ስንቱ ነው ጸልዮላት ሲያበቃ ኤፌሶን ምዕራፍ 5 ቁጥር 22ን፣ ሚስት ለባሏ እንድትገዛ የሚለውን፣ የሚያነብላት! አንድ ቁጥር ከፍ ቢል እርስ በርስ ስለ መገዛት፣ ሦስት ቁጥር ዝቅ ቢል ባል ለሚስቱ ራሱን አሳልፎ እስከ መስጠት ስለሚደርስ ፍቅር ያገኝ ነበር። እሱ ግን «መስቀልሽን ተሸከሚ» ብሎ ይሸኛታል። መስቀሉን ያሸከማት ሰውዬ ቤቱ ተቀምጦ እራቱን ይጠብቃል።

የሚገርመው፣ ቤተ ክርስቲያን ባህልን መድፈር አቅቷት አያውቅም። በ1875 እ.ኤ.አ. ቫልደዚያ ላይ የሰፈሩት የስዊስ ሚስዮናውያንና ተከታዮቻቸው ከአንድ በላይ ማግባትንም ሎቦላንም አጥብቀው ነቅፈዋል። ለዚያ ድፍረት ነበረ። የባል ዱላ ላይ ሲደረስ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» የሚባለው ድፍረቱ የት ሄዶ ነው?

«ባህላችን ነው» ባዮችም ባህሉን ደህና አድርገው ቢጠይቁት ይሻላል። በትሶንጋ ወግ የተዳረች አንዲት ሴት፣ ባሏ ሲሞት ሌላ «ሚስት» ብቅ ትልባታለች። ክርክሩ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ወጉን ከሚያውቁ ሰዎች ምስክርነት ሰበሰበ። በሁሉም ነገር ባይስማሙም፣ ባል ሌላ ሲያገባ ለመጀመሪያዋ ሚስት መንገር እንዳለበት ታወቀ። ፍርድ ቤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ እርምጃ አልፎ ፈቃዷም ያስፈልጋል ብሎ ወሰነ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የባህላዊ ጋብቻ ሕግም ለሚስት ከባሏ እኩል መብት ሰጥቷታል። እንግዲህ ዳኛው ፈቃዷን ሲጠይቅ፣ ፓስተሩ ዛሬም ትዕግሥቷን ብቻ ይጠይቃል ማለት ነው።

የነፍስ እረኝነት ይህ አይደለም። እረኛ ከሆነ አስቀድሞ «ዛሬ የምታድሪበት አለሽ ወይ?» ይበላት። ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ይንገራት፤ ካስፈለገም አብሯት ይሂድ። ባልየውን ጠርቶ ፊት ለፊት ይናገረው፤ ሎቦላ የከፈለው ለዝምድና እንጂ ለዱላ ፈቃድ እንዳልሆነ ከመድረክ ይስበክ። ይህን ካልደፈረ ግን ቢያንስ «ታገሺ» ማለቱን ይተው። የምትቆላው እሷ ናት፤ እሳቱን የሚቆሰቁሰው አገልጋይ መሆን የለበትም።