ሠርጉ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ነው

«ቲቸር፣ አሁንም እነዚያን የፍቅርና የግድያ መጻሕፍት ያነባሉ እንዴ?» የሚሉኝ የድሮ ተማሪዎቼ አልጠፉም። እንዴታ! ለምን እንደማነብ ደግሞ ዛሬ ልንገራችሁ።

የማወራው ጄ ዲ ሮብ በሚል የብዕር ስም ስለሚወጣው «ኢን ዴዝ» ስለተባለው ተከታታይ ልብ ወለድ ነው። ጸሐፊዋ በፍቅር ልብ ወለዶቿ የምትታወቀው ኖራ ሮበርትስ ናት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1995 ወጣ፤ አሁን ከ60 አልፈዋል። ታሪኩ የሚጀምረው በ2058 ኒውዮርክ ነው። ኢቭ ዳላስ የግድያ መርማሪ ናት፤ ሮርክ ከደብሊን ጎዳና ተነስቶ ቢሊየነር የሆነ፣ እጁም እምብዛም ያልጸዳ ሰው። ሲተዋወቁ ተጠርጣሪዋ ነበር።

ገዳዩ ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ግማሹ ላይ ይታወቃል፤ አንዳንዴ ጸሐፊዋ ራሷ ቀድማ ትነግረናለች። ታዲያ አንባቢን ሠላሳ ዓመት የያዘው ምንድን ነው? እኔ ትዳሩ ነው እላለሁ። የፍቅር ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ሠርጉ ላይ ያልቃል። የቴሌቪዥን መርማሪዎች ደግሞ «ከተጋቡ ተመልካች ይሸሻል» ተብሎ ስለሚፈራ ለዓመታት ሲፈላለጉ ይኖራሉ። ሮብ ግን ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ዳረቻቸውና ዋናውን ሥራ ከዚያ ጀመረች።

ኢቭ በስምንት ዓመቷ ዳላስ ከተማ ውስጥ ተጥላ የተገኘች ልጅ ናት፤ የአባት ስሟም የመጣው ከዚያው ነው። አባቷ ያደረሰባትን እዚህ አልዘረዝርም። ጸሐፊዋን የማከብራት እዚህ ላይ ነው፤ ቁስሉን በሠርግ አታድነውም። ሮርክ ሌሊት ከቅዠቷ ቀስቅሶ ያቅፋታል፣ ጠዋት ሥራ ትገባለች፣ ከብዙ መጽሐፍ በኋላ ቅዠቱ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ እኮ ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው! ሰው ቀስ እያለ ሲያገግም ለማሳየት እንደዚህ ዓይነት ረጅም ተከታታይ ያስፈልጋል፤ አንድ መጽሐፍ አይበቃውም።

ከሁሉም የምወደው 18ኛው ነው፣ የ2004ቱ «ዲቫይድድ ኢን ዴዝ»። (ያላነበባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ሮርክ የመንግሥት ሰላዮች የዚያችን ሕፃን ስቃይ እያወቁ ዝም እንዳሉ ይደርስበታል። ሊገድላቸው ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ፖሊስ ናት፤ በሕግ ታምናለች። የተጎዳችው እሷ፣ በቀል የሚፈልገው እሱ! አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ይኮራረፋሉ። በመጨረሻ እሱ ይተወዋል፤ አምኖበት እንዳይመስላችሁ፣ ለእሷ ሲል ነው። ያገባችሁ ይገባችኋል።

«የሴቶች ንባብ» ለምትሉ ወንድሞቼ፣ ሲምኖን ስለ ሜግሬ 75 ልብ ወለድ ጽፏል፤ የሜግሬ ሚስት ምግብ ሠርታ ትጠብቃለች፣ ያንን ማንበብ ማንም አያሳፍረውም።

እንከን የለውም አልልም። ሮርክ ሀብቱ በዝቶ የማይከፍተው በር የለም፤ ሕግ አክባሪዋ ሚስቱም ካልተመዘገቡት ኮምፒውተሮቹ መረጃ ስትወስድ ጸሐፊዋ በቀላሉ ታልፈዋለች። ያናድደኛል። በዚያ ዘመን እውነተኛ ቡና የሀብታም ብቻ ነው፤ ሰውዬው ሽማግሌ በመላክ ፈንታ ቡና ላከላት። ይቺን የቡና አገር ሰው ይፍረዳት!

መጀመር የምትፈልጉ ከመጀመሪያው ጀምሩ፣ ከ«ኔክድ ኢን ዴዝ»። በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃት ማንበብ የሚከብዳችሁ ግን ይቆያችሁ፤ ገና ከመጀመሪያው መጽሐፍ አለበት።