የሁለተኛው ገዢ ሒሳብ

ዳላስም ይሁን ዴንቨር የትራክ ሹፌሮቻችን ከተሰበሰቡ ወሬው አቦል ሳያልቅ የጭስ ማጽጃው ፈሳሽ፣ ዴፍ፣ ላይ ይደርሳል። የሴንሰር መብራት በርቶበት ሎዱን በማግሥቱ ያስረከበ አለ፤ ሪጀን ሊያደርግ፣ ማለትም የማጣሪያውን ጥላሸት ሊያቃጥል፣ መንገድ ዳር ቆሞ እንቅልፉን ያጣ አለ፤ ትራኩ በሰዓት ከ5 ማይል በላይ አልሄድም ብሎት ተጎትቶ የገባ አለ። ከዚያ አንዱ የተለመደውን ፍርድ ይሰጣል፦ «የ1999 ሞዴል ገዝቶ መገላገል ነው። ዴፍ የለ፣ ሴንሰር የለ!»

ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ቅሬታው ግን እውነት ነው፤ የተሳሳተው አድራሻው ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። በዓመት 100,000 ማይል የሚነዳ ሰው በጋሎን 5.5 ማይል በሚሄድ አሮጌ ትራክ ከ18,000 ጋሎን በላይ ናፍጣ ይፈጃል። 7.5 ማይል ለሚሄደው አዲስ ትራክ 13,300 ጋሎን ገደማ ይበቃዋል። ለስሌት እንዲመቸን ጋሎኑን 4 ዶላር ብንለው ልዩነቱ በዓመት ከ19,000 ዶላር ይበልጣል። ዴፍ የሚባለው፣ 32.5 በመቶው ዩሪያ የሆነው ፈሳሽ፣ ከናፍጣው ከ2 እስከ 5 በመቶ ያህል ነው የሚፈልገው። 3 በመቶ ብንይዝ 400 ጋሎን ይሆናል፤ እሱም በ4 ዶላር ሒሳብ 1,600 ዶላር። በእርግጥ የነዳጁ ቁጠባ ሁሉ ከሞተሩ የመጣ አይደለም። የትራኩ ቅርጽ፣ ጎማው፣ አውቶማቲክ ካምቢዮው ሁሉ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም በነዳጅ ብቻ ብንመዝነው ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ክርክሩ ያላበቃው አዲሱ ትራክ እየተበላሸ ስለሚቆም ነው። የጭስ ማጣሪያው ሙሉ ዕቃ ይቀየር ከተባለ ዋጋው ከአስር ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ሾፕ ውስጥ ተራ ሲጠበቅ የሚያመልጠው ሎድና የማይቆመው የትራኩ የወር ክፍያ ደግሞ ደረሰኝ አይቆረጥላቸውም። በነዳጅ ያተረፈውን 19,000 ዶላር በአንድ ክረምት የሚበላበት ሰው አለ።

እዚህ ጣጣ ውስጥ እንዴት ገባን? ዲዝል ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው አየሩን አጥብቆ ጨምቆ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚያቃጥል ነው። ያው ሙቀት ግን አየሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ኖክስ የሚባለውን ጋዝ ይፈጥራል፤ ሳንባ የሚጎዳውና የከተማን ሰማይ የሚያጠይመው እሱ ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ ኖክሱ ይቀንሳል፤ በምትኩ ጥላሸቱም የነዳጁ ፍጆታም ይጨምራል። ንጹሕ ጭስ፣ ጥቂት ነዳጅና ርካሽ ዋጋ በአንድ ሞተር ላይ መገናኘት እምቢ ብለዋል። የሞተር ሠሪዎች የሠላሳ ዓመት ታሪክም ከሦስቱ አንዱን የመደበቅ ታሪክ ነው ብል አላጋነንሁም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ካተርፒላር፣ ከሚንስ፣ ዲትሮይት ዲዝል፣ ማክ፣ ናቪስታር፣ ሬኖና ቮልቮ በአንድ ላይ ተከሰሱ። ሞተሮቻቸው ፈተና ላይ ጨዋ ሆነው ይቆዩና ሀይዌይ ላይ ሲወጡ ኮምፒውተራቸው ነዳጅ ወደሚቆጥበው፣ ኖክስ ወደሚያበዛው አሠራር ይቀይራቸው ነበር። በአጠቃላይ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ፈርመው ወጡ። በ2015 የቮልስዋገን ጉድ ተሰማ፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን መኪኖች፣ አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ የሚደርስ ኖክስ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከሚንስ ለራም ፒክአፖች በሠራው ሞተር የተነሣ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የናቪስታር ነገር ነው። የ2010ሩ ሕግ ኖክስን ለአንድ የፈረስ ጉልበት-ሰዓት ወደ 0.20 ግራም ሲያወርድ ሌሎቹ ዴፍን መረጡ። ሞተሩ እንደ ልቡ ሞቆ፣ ነዳጅ እየቆጠበ ይሠራል፤ ኖክሱን ጭስ ማውጫው ላይ ዴፍ ያጠፋዋል። ናቪስታር «እኛ ዘንድ ዴፍ መሙላት የለም» ብሎ ጭሱን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ኢጂአር ብቻ ይዞ ቀረ። ለገዢው ደስ የሚል ወሬ ነበር። ማክስፎርስ የተባለው ሞተር ግን ይበላሽ፣ ይጎተት፣ ይጠገን ጀመር። ኩባንያው በ2012 እጁን ሰጥቶ ወደ ዴፍ ዞረ፤ ለትራክ ገዢዎች ክስም በኋላ 135 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። ርካሽ ሆኖ አገኘሁ ብሎ ያገለገለ ማክስፎርስ የገዛ ሰው ሳታውቁ አትቀሩም፤ ዴፍ የሌለበት ትራክ ምን ያህል «እንደሚያሳርፍ» እሱን ጠይቁት።

ስለ ጭሱ ብዙ ማለት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አይሱዙ ተከትሎ የሄደ ሰው ሳይንቲስት አያሻውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የዲዝልን ጭስ ካንሰር አምጪ ብሎ መዝግቦታል። ትራክ ስቶፕ ውስጥ በመቶ ትራኮች መሐል የሚተኛው ደግሞ ሕግ አውጪው ሳይሆን ሹፌሩ ነው። ስለዚህ ሕጉ መኖሩ አያጣላኝም።

የሚያጣላኝ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። ትልልቆቹ የጭነት ኩባንያዎች ትራክ በአዲስነቱ ይገዛሉ፤ አራት አምስት ዓመት ነድተው፣ 400,000 እና 500,000 ማይል ላይ ሲደርስ ይሸጡታል። ያን ትራክ የሚገዛው በቁጠባው ዳውን ፔይመንት የከፈለው የኛ ሰው ነው። አሁን ሕጉን ተመልከቱ። ኢፒኤ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ለከባድ ትራክ የጭስ ማጣሪያ በአምራቹ ላይ የጣለው የዋስትና ግዴታ 5 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። 100,000 ማይል ለእኛ የአንድ ዓመት ሥራ ነው! ዕቃው ደረጃውን ጠብቆ እንዲሠራ የሚጠበቀው ደግሞ እስከ 435,000 ማይል ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ጥሩውን ዕድሜ ተጠቅሞ ይሸጣል፤ ሁለተኛው ገዢ የሚረከበው ዋስትናው ያለፈበትን፣ ዕድሜው ያለቀውን ማጣሪያ ነው። ሰው የሚያማርረው ዴፍን ነው፤ የጎዳው ግን ይህ አቆጣጠር ነው።

ኢፒኤ በታኅሣሥ 2022 ያወጣው፣ በ2027 ሞዴሎች የሚጀምረው ደንብ ኖክሱን ወደ 0.035 ግራም ያወርዳል። ጩኸቱ ሁሉ ስለዚህ ቁጥር ነው። እኔን የሳበኝ ሌላው አንቀጽ ነው፤ የከባድ ትራክ ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 450,000 ማይል፣ የማጣሪያው ዕድሜ ወደ 650,000 ማይል ከፍ እንዲል ይደነግጋል። ለሁለተኛው ገዢ ከዚህ የሚበልጥ አንቀጽ በዚህ ሕግ ውስጥ አላየሁም። አምራች ለ450,000 ማይል በራሱ ኪሳራ የሚጠግነው ዕቃ ከሆነ አጥብቆ መሥራቱ አይቀርም።

በመጋቢት 2025 ኢፒኤ ደንቡን እንደገና እንደሚመለከተው አስታወቀ። ሻጮችና አምራቾች ዋስትናው የትራክ ዋጋ ያንራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ዋጋ ይጨምራል፤ ከፊሉም ሁለተኛው ገዢ ጋ መድረሱ አይቀርም። ነገር ግን ወጪው ዋስትናው ቢቀርም አይጠፋም። ልዩነቱ በፊርማ ጊዜ አውቃችሁት በየወሩ ከፍላችሁ መጨረስ፣ ወይም በጥር ወር ዋዮሚንግ ውስጥ ድንገት መጋፈጥ ነው። ኢፒኤ በነሐሴ 2025 አምራቾች ዴፍ ችግር ሲያጋጥም ትራኩን ወዲያው እንዳያንቁት መመሪያ ማውጣቱ መልካም ነው፤ ሹፌሩ ሎዱን አድርሶ ሾፕ ለመግባት ጊዜ ያገኛል። የጥገናውን ገንዘብ ግን አሁንም የሚያወጣው እሱ ነው።

ዴፉንና ማጣሪያውን አስወጥታችሁ «ዲሊት» ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ አጭር ነገር ልበል። በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2010 በፊት የተሠራ ሞተር ያለውን ከባድ ትራክ ከጥቂቶች በስተቀር ከ2023 ጀምሮ አግዳለች፤ የጭስ ማጣሪያውንም በየጊዜው እየመረመረች ነው። ሎንግ ቢች ወደብ የማይገባ ትራክ ነገ ለመሸጥም ያስቸግራል።

ያገለገለ ትራክ ስትገዙ ቀለሙንና ጎማውን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ወረቀት ጠይቁ፦ ማጣሪያው ወጥቶ የተጸዳበትን ደረሰኝና ትራኩ ቆሞ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የሚያሳየውን የኮምፒውተር ሪፖርት። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጭሱ ስለማይሞቅ ጥላሸቱ አይቃጠልም፤ ማጣሪያው ይታፈናል። ሻጩ ወረቀቱን አላሳይም ካለ ዋጋው ቢያጓጓም ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። ኢፒኤ ደንብ ሲያሻሽል የሕዝብ አስተያየት መቀበል ግዴታው ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በጠበቃ ይጽፋሉ። እናንተም የ450,000 ማይሉ ዋስትና እንዳይነካ ጻፉ። በአማርኛ ያሰባችሁትን በእንግሊዝኛ የሚጽፍላችሁ ልጅ እቤት አይጠፋም።