ስለ መጠጥና ስለ ውሃ ጥም

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር፥ በማንኩሳም ዙሪያ፥ የአጨዳና የውቂያ ወራት በደረሰ ጊዜ ባለቤት ለደቦ ሠራተኞቹ የዳጉሳ ጠላና አረቄ ማቅረቡ የቈየ የቸርነት ልማድ ነው። እኛም ቸርነቱን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን «አረቄ ጥም ይቈርጣል» የሚሉ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ነገሩን ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች በጥቂቱ ልንገልጽ ወደድን።

በአንጎላችን ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ታናሽ ክፍል አለ፤ ይኸውም የሰውነታችን የውሃ ዘበኛ ነው። ደም ውሃ ባነሰው ጊዜ ይህ ዘበኛ ጥምን ያስነሣል፤ ደግሞም ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ልኮ ኵላሊት ውሃውን በከንቱ እንዳያፈስስ ያዝዛል። አልኮል ግን መልእክተኛውን ከመንገድ ያስቀረዋል። ኵላሊትም ትእዛዝ ስላልደረሰው ውሃውን በሽንት ይለቅቀዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ግሬስ ኤግልተን የተባሉ እንግሊዛዊት ሊቅ፥ አልኮል በደም ውስጥ እየጨመረ ሲሄድ ሽንትም እንደሚበዛ ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ማታ አረቄ የጠጣ ሰው ሌሊት አፉ ደርቆ ቢነቃ አያስደንቅም።

ጉበትም በበኩሉ ዝም አይልም። በ2018 በአሜሪካ በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ አልኮል ሲገባ ጉበት ኤፍ ጂ ኤፍ 21 የሚባል ሌላ ሆርሞን ወደ አንጎል ልኮ ውሃ እንዲጠጣ እንደሚያሳስብ ታወቀ። ይህ ሆርሞን የሌላቸው አይጦች ግን አልኮል ጠጥተው ውሃ አልጨመሩም።

ከሁሉ የሚከፋው የዓመታት መጠጥ ነው። በፖርቱጋል አገር የፖርቶ ሊቃውንት ለብዙ ወራት አልኮል የጠጡ አይጦችን ቢመረምሩ፥ ቫሶፕሬሲን የሚሠሩት የአንጎል ሕዋሳት ቍጥራቸው ጐድሎ አገኙ። በ1996 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናትም ይህንኑ ጕድለት ብዙ ዘመን በጠጡ ሰዎች ላይ አሳየ፤ ጕድለቱም እንደ መጠጡ ብዛትና እንደ ዘመኑ ርዝመት ነበረ። እንግዲህ መጠጥ ዘበኛውን በአንድ ሌሊት ያታልለዋል፤ በብዙ ዘመን ግን ያጠፋዋል።

የአገራችን ገበሬ ለበሬው አተላ ሲያበላ ወደ ወንዝ ነድቶ ውሃ ያጠጣዋል። ለበሬ የምናደርገውን ለሠራተኛው ብንነፍገው ምን ይባልልናል? ስለዚህ ባለቤትና እመቤት ሆይ፥ በአውድማ ላይ መለኪያ ከመቅረቡ በፊት ንጹሕ ውሃ ይቅረብ፤ በቤትም ውስጥ ልጆች ለጥም የሚቀዳው ውሃ እንጂ አረቄ አለመሆኑን ከወላጆቻቸው አይተው ይማሩ።