ከብረት ባልንጀራ ጋር

የቤተ ሰብ ኑሮ በሚነገርበት በዚህ ዓምድ ዛሬ በባሕር ማዶ ስላለ ዕቃ ቤት መጻፋችን የሚገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት ልጆቻችንና ወንድሞቻችን መካከል እንጀራቸውን በእንዲህ ያለው ታላቅ መጋዘን የሚያገኙ አሉ። በስልክ ሥራቸውን ስንጠይቃቸው፥ «ከሮቦት ጋር ነው የምንሠራው» ይሉናል። እኛም እንገረማለን፥ ነገሩን ግን አንመረምረውም።

ሮቦት የሚለውን ስም ለዓለም ያስተዋወቀው ካሬል ቻፔክ የተባለው የቼክ ደራሲ በ1920 እ.ኤ.አ. በጻፈው ተውኔት ነው፤ ስሙን ያመለከተውም ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። ቃሉ የመጣው «ሮቦታ» ከሚለው የቼክ ቃል ሲሆን፥ ትርጉሙ ገባር ለጌታው ያለ ዋጋ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ሁዳድ ሲታረስ ያዩ አባቶቻችን ቢሰሙት ኖሮ ያለ አስተርጓሚ በተረዱት ነበር።

በመጋዘን ውስጥ የሚሠራው መኪና ግን የሰው መልክ የለውም። ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፥ በመንኰራኵር የሚሄድ ዝቅ ያለ ሣጥን ነው። ይህን ሐሳብ ያመነጨው ሚክ ማውንትዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እርሱ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ዌብቫን የተባለ የንግድ ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ከሰረ፤ ማውንትዝም ትእዛዝን አሰባስቦ ማድረስ እንዴት ያለ ወጪ እንደሚጠይቅ ከዚያ ተማረ። ስለዚህ ሰው ወደ ዕቃው ከሚሄድ ዕቃው ወደ ሰው ቢመጣ ይሻላል ብሎ በ2003 ኪቫ ሲስተምስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። አማዞን በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2025 ደግሞ በመጋዘኖቹ የሚሠሩት ሮቦቶች አንድ ሚሊዮን መድረሳቸውን አስታወቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በወለሉ ላይ ምልክቶች ተለጥፈዋል፤ መኪናው ከሥሩ ባለው ካሜራ እያነበበ መንገዱን ያውቃል። ከመደርደሪያው በታች ይገባና አራት ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሸክም ከነመደርደሪያው አንሥቶ ሠራተኛው ወደ ቆመበት ስፍራ ያመጣዋል። ሠራተኛው ከፊቱ ያለውን መስታወት አይቶ የታዘዘውን ዕቃ ያወጣል፥ በሣጥን ያኖራል፤ ይህ መደርደሪያ ሲሄድ ሌላው ተራውን ጠብቆ ይቀርባል። ሜዳው ለመኪኖቹ ብቻ የታጠረ ነው። የወደቀ ዕቃ ለማንሣት የሚገባ ሰው ልዩ ሰደርያ ይለብሳል፤ መኪኖቹም የሰደርያውን ምልክት ተቀብለው ይዘገያሉ፥ ይርቁለታልም።

ቀድሞ ሠራተኛው በአንድ ቀን ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሩ ይመላለስ ነበርና ከዚህ ድካም መዳኑ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ያ ጉዞ ክንድና ትከሻ የሚያርፍበት ጊዜም ነበረ። ከበሬ ጋር የሚያርስ ገበሬ በሬው ሲደክም አብሮ ያርፋል፤ ይህ የብረት ባልንጀራ ግን አይደክምም፥ አይጠማም፥ የሰዓቱንም ማለፍ አያውቅም። በእግር ሲዞር በሰዓት 100 ያህል ዕቃ ያነሣ የነበረው ሰው፥ በሮቦት መጋዘን ቆሞ ከ300 እስከ 400 እንዲያነሣ መጠየቁ ተዘግቧል። ሪቪል የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት በ2020 ባወጣው ዘገባ፥ ከ2016 እስከ 2019 ሮቦት ባለባቸው የአማዞን መጋዘኖች የደረሰው ከባድ ጉዳት ሮቦት ከሌለባቸው ይልቅ በግማሽ ያህል በልጦ ተገኝቷል። ኩባንያው ግን መኪኖቹ ሥራን ያቃልላሉ ብሎ ይከራከራል። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። መኪናው የሄደው በታዘዘው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱን የወሰነው ሰው ነው።

ሰው ከዚያ ስፍራ ፈጽሞ ያልተወገደበትን ምክንያት ማወቅም ያስደስታል። በ2015 አማዞን ከመደርደሪያ ዕቃ የሚያነሡ ሮቦቶችን አወዳድሮ ነበር። ያሸነፈው ከበርሊን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ቡድን ሲሆን፥ የእርሱ ሮቦት በ20 ደቂቃ ያነሣው 10 ዕቃ ብቻ ነው። ለስላሳ ፎጣንና ጠርሙስን ሳያይ በመዳሰስ ብቻ የሚለየው እጅ፥ እናት ለልጅዋ ያወረሰችው እጅ፥ ከሊቃውንቱ ጥበብ በልጦ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ በ2025 መዳሰስ የሚችል ክንድ አቅርበዋል። ቢሆንም ዛሬም መደርደሪያው የሚመጣው ወደ ሰው ነው።

ሕግም ዘግይቶ ደርሷል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታላላቅ መጋዘኖች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተመደበበትን የሥራ ልክ በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዝዛል፤ ምሳና ዕረፍት የሚያስቀር፥ ወደ መጸዳጃም መሄድን የሚከለክል ልክ እንዳይመድቡም ይከለክላል። በሚኒሶታ በ2023 የወጣው ሕግ የጸሎትን ጊዜ ጨምሮበታል። ለዚህ ሕግ ብዙ የደከሙት አብዛኛዎቹ ሶማሌዎች የሆኑ የምሥራቅ አፍሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ በድካማቸው ያገኙት መብት ግን በዚያ ለሚሠራ ክርስቲያንም ይጠቅማል። ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችን በሚቀጥለው ስልክ ይህን ንገሩልን፤ በካሊፎርኒያ ያለ ሠራተኛ ያለፉትን 90 ቀኖች የራሱን የፍጥነት መዝገብ ጠይቆ መቀበል ይችላል፥ ስለ ጠየቀም ሊበቀሉት አይፈቀድም።