ማመልከቻችን የት ደረሰ?

የተከበራችሁ የደብረ ታቦር፣ የወረታ፣ የአዲስ ዘመን፣ የሐሙሲት፣ የመካነ ኢየሱስና የነፋስ መውጫ ከተሞች መራጮች!

በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ መብራትና ስለ ማዳበሪያ የማይናገር ፓርቲ የለም። እኛም በሌሎቹ ገጾች ተናግረናል። በዚህ ገጽ ግን የምናነሣው ስለ አንድ መዝገብ ነው፤ በየወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ስለሚገኘው፣ አቤቱታችን ስለሚሰፍርበት፣ ከሰፈረ በኋላ ግን ዳግመኛ ዓይናችን ስለማያየው መዝገብ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። አንድ የፋርጣ ገበሬ ጥማድ በሬው በሌሊት ተነድቶበት ያድራል። ጎረቤት ተሰብስቦ ዱካ ይከተላል፤ ዱካው ወንዝ ላይ ሲደርስ ይጠፋል። ሰውየው በማግስቱ ከተማ ገብቶ ቃሉን ይሰጣል፣ ይፈርማል፤ መጻፍ ካልቻለም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። «ሂድ፣ እንጠራሃለን» ይባላል። ከሳምንት በኋላ ሲመለስ መርማሪው መስክ ወጥቷል። ከወር በኋላ ሲመለስ መርማሪው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል፤ መዝገቡም «ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው» ይባላል። ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ «ከፖሊስ አልመጣልንም፤ ለመሆኑ የመዝገብ ቁጥርህ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ምን ይመልስ? ቁጥር የሰጠው የለም። በእጁ አንዳች ወረቀት ስለሌለ ያ ሁሉ ምልልስ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በበሬው ላይ የመኪናና የማደሪያ ገንዘብ ጨምሮ ከስሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የሚያደርገውን መገመት አያዳግትም፤ ወይ ይተወዋል፣ ወይ የጠረጠረውን ሰው በራሱ መንገድ ይፈልጋል። በአገራችን ደም የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ይህ የባላገር ጣጣ ነው፣ እኛን የከተማ ሰዎች አይመለከተንም የሚል እንዳይኖር። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ መኪና የገጨው ሰው ከመድን ድርጅት ካሣ ለማግኘት የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልገዋል። ሱቁ የተሰበረበት ነጋዴም፣ ልጁ ተይዞ የት እንዳለ ያጣ ወላጅም የሚቆሙት እዚያው ጠረጴዛ ፊት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ሕግ ሳይኖር ቀርቶ አለመሆኑ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣውና ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አቤቱታ ተቀባዩ ቃሉን በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ ለአመልካቹ እንዲያነብለት፣ አመልካቹም ቀን ጽፎ እንዲፈርም ያዛል። ፖሊስ ምርመራውን ያለ አላስፈላጊ መዘግየት ጨርሶ ለዐቃቤ ሕግ እንዲልክ፣ ዐቃቤ ሕግም አልከስም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ እንዲያይ ይፈቅዳል። ተከሳሽ እንዲያይ የተፈቀደለት መልካም ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ክስ ደረጃ ሳይደርስ መሳቢያ ውስጥ የቀረበት ተበዳይ ምን ይመለከታል?

ለእርሱም ቢሆን መንገድ አለው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃኑ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ሲተካ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተነካም። አዋጁ የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የክልሉንም ይመለከታል። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ መጠየቅ ይችላል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ የተከለከለም ሰው ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል። በመልሱ ያልረካ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። አዋጁ ከወጣ ይኸው ስንት ዓመቱ! በስብሰባ ላይ ሲነገር እንሰማለን እንጂ በወረዳ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራበት ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን፤ ድምፅ ለማግኘት ብለን የማይሆን ቃል አንገባምና። በፖሊስ መዝገብ ያለው ሁሉ ለሁሉም ይከፈት አንልም። አዋጁ ራሱ ምርመራን የሚያሰናክል መረጃና የሌላ ሰው የግል ጉዳይ እንዳይሰጥ ይከለክላል፤ ትክክል ነው። ደም መመላለስ ባልቀረበት አገር የምስክርን ስም አውጥቶ መስጠት ሰውየውን ማስገደል ነው። ጥያቄያችን ከዚህ ያነሰ ነው። አመልካቹ የራሱን ቃል ቅጂ ይያዝ፤ ቁጥሩን ይወቅ፤ መዝገቡ የትኛው ቢሮ እንዳለና ከተዘጋም ለምን እንደተዘጋ ይነገረው። ይህን በመስጠት የሚሰናከል ምርመራ የለም።

አባቶቻችን ሌባ ሲጠፋ አገሩን ሰብስበው በአውጫጭኝ ያወጣጡ ነበር። ሕዝቡን ያስመረረ፣ ብዙ ግፍ የነበረበት ሥርዓት ነውና ተመልሶ ይምጣ የምንል አይደለንም። ሆኖም የተባለው ሁሉ የሚባለው በአደባባይ ነበር፤ ማን ምን እንዳለ አገሩ ይሰማ ነበር። ዛሬ ወረቀትና ማኅተም መጥቶ የአደባባዩ ጆሮ ሲቀር በምትኩ ለባለጉዳዩ የተሰጠው ነገር የለም።

ጉዳዩ ከበሬም ያልፋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን በያዙባቸው ቀናት የተፈጸመውን ግፍ በተመለከተ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት 16 ሴቶች በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን እንደነገሩት ገልጿል፤ የክልሉ ባለሥልጣናትም ያመለከቱት ሴቶች ከ70 በላይ መሆናቸውን ነግረውታል። የእነዚያ እኅቶቻችን ቃል የት ነው ያለው? በማን እጅ ነው የተጠበቀው? ከዚያም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሥር ወር ያህል ጸና። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የጅምላ እስራት ተካሄደ። እናት ስንቅ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ስትዞር «እዚህ የለም» የሚላት ሰው መዝገብ ገልጦ ይሁን ሳይገልጥ በምን ታውቃለች? የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል የሚለው ድንጋጌ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተያዘበት ሰዓት ነው፤ የተያዘበትን ሰዓት ያልጻፈ ጣቢያ ቁጥሩን ከየት ይጀምራል?

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው በደለኛው የማንም ወገን ይሁን የማንም፣ ያለ መዝገብ ባዶ ነው። ይህን የምንለው ከራሳችን ታሪክ ተነሥተን ነው። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስ ትልቁ ማስረጃው ደርግ ራሱ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ያስቀመጠው ሰነድ ነበር፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉበት ችሎት ያን ሁሉ ወረቀት አገላብጧል። ያ ወረቀት ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮስ?

ፓርቲያችን ከተመረጠ በክልሉ ምክር ቤት የሚያቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አቤቱታ የሚቀበል ጣቢያ ሁሉ ካርቦን ገብቶበት በሁለት የሚጻፍ፣ አስቀድሞ ተራ ቁጥር የታተመበት ደረሰኝ እንዲኖረው፣ አንዱ ቅጂ ከአመልካቹ ጋር እንዲሄድ፣ መርማሪ ሲዛወርም በእጁ ያሉትን መዝገቦች በዝርዝር አስረክቦ እንዲፈርም እናደርጋለን። ነጋዴ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ደረሰኝ ቁረጥ እየተባለ የሚቀጣበት አገር ለሰው አቤቱታ ደረሰኝ አይቆረጥም ማለት አያስኬድም። በኮምፒዩተር ይደረግ የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ እንስማማለን፤ ግን መብራት በሚጠፋበት ወረዳ ካርቦኑ ይቅደም።

እስከዚያው የምርጫው ቀን አይጠበቅም። ፖሊስ ዘንድ የቀረ ጉዳይ ያላችሁ፣ ወይም ከገጠር የመጣ ዘመድ ቤታችሁ አድሮ ማመልከቻ የምትጽፉለት፣ ጥያቄያችሁን አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሳችሁ በሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱን ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ስጡ፤ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያኖርበት ጠይቁ። አልፈርምም ቢል ከእናንተ ጋር የነበሩ ሁለት ሰዎች በቅጂው ጀርባ ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ። ከዚያ 30 ቀን ቁጠሩ። መልስ ካልመጣ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አመልክቱ፤ እርሱም ካልመለሰ ያችኑ ቅጂ ይዛችሁ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የእንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ ሂዱ።