ቦርሳው ይቆየንና ጀርባው ይታይ

የትምህርት ቤት ነገር በተነሳ ቁጥር የልጆች ቦርሳ ክብደት ሳይወሳ አይቀርም። አንድ ፍሬ ልጅ ደብተርና መጽሐፉን ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ሲሄድ ያየ ወላጅ “ጀርባው ሊጎብጥብኝ ነው” ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ህንድማ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ፖሊሲ ቦርሳው ከልጁ ክብደት 10 በመቶ እንዳይበልጥ እስከማለት ደርሳለች። ማስረጃው ግን የስጋቱን ያህል አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. በአንድ የብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ፣ ከ72 ሺህ በላይ ልጆችና ታዳጊዎች የተካተቱባቸውን 69 ጥናቶች መርምሮ የቦርሳ ክብደት የጀርባ ሕመም ያመጣል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ከባድ ቦርሳ ያደክማል፤ ቢቀልም ደግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቦርሳውን ስንመዝን ጀርባውን የሚያይ መጥፋቱ ነው።

አከርካሪን በእርግጥ የሚያጣምሙት ሌሎች ናቸው። አንዱ ስኮሊዮሲስ የሚባለው የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም ነው፤ ከ100 ታዳጊዎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይይዛል፣ የአብዛኛው መንስኤ አይታወቅም፣ ልጁ ፈጥኖ በሚያድግበት ጊዜ ይብሳል፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበረታል። ብዙ ጊዜ ስለማያም ልጅቷ አትናገርም፤ ዩኒፎርሙም ይሸፍነዋል። ሁለተኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው። የአጥንቱን የፊት ክፍል በልቶ ሲያፈርሰው ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ይወጣል። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው መላ አላቸው። ቲቢው አጥንቱን ሳያፈርስ በመድኃኒት ይድናል። ለስኮሊዮሲስ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ደጋፊ ብሬስ ካደረጉት ታዳጊዎች 72 በመቶው፣ ካላደረጉት ግን 48 በመቶው ብቻ ጥመቱ ለቀዶ ሕክምና ሳይደርስባቸው እድገታቸውን መጨረሳቸውን አሳይቷል። ብሬስ የሚረዳው ግን ልጁ ገና በማደግ ላይ ሳለ ነው። ከዚያ ያለፈው ዕዳ ከባድ ነው፤ አዲስ አበባ የሚሠሩት ዶክተር ሪክ ሆድስ ለዓመታት አከርካሪያቸው ክፉኛ የተጣመመ ልጆችን ለቀዶ ሕክምና እስከ ጋና፣ አክራ ድረስ ሲልኩ መኖራቸው ይህንኑ ይናገራል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና አገልግሎቶች ግብረ ኃይል በ2018 እ.ኤ.አ. ምልክት የሌላቸውን ልጆች ሁሉ መመርመር ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ጤነኛ ልጅ በከንቱ ለራጅ ይላካል፣ ወላጅም ይደነግጣል የሚለው ስጋትም እውነት ነው። ሆኖም ያ ሚዛን የተሠራው ልጁን በየጊዜው የሚያየው ሐኪም ላለበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤት ካላየው ብዙውን ልጅ ማንም አያየውም። መምህር ሐኪም አይደለም የሚለውም ትክክል ነው፤ የሚጠየቀው ግን ምርመራ ሳይሆን ማስተዋል ነው። ልጁ እግሩን ገጥሞ፣ እጁን ወደ ታች ለቆ ሲያጎነብስ አንዱ የጀርባ ጎን ከሌላው ከፍ ይላል ወይ? የሠለጠነ የስፖርት መምህር፣ ለሴቶች ሴት መምህርት፣ ከሌሎች ልጆች ዓይን ራቅ ብለው ቢያዩት ደቂቃ አይፈጅም። ክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖረው እንኳ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።

ዴስኩም አይረሳ። የአንደኛ ክፍል ሕፃን ለትልልቆቹ በተሠራ ዴስክ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ በአውሮፓ የተማሪ ወንበር በቁመት ልክ በየመጠኑ ይሠራል። የዴስኩ ነገር ግን የምቾትና የድካም ጉዳይ እንጂ የጥመቱ መነሻ አይደለም። “ቀጥ በል!” የሚለው ቁጣም የተጣመመ አጥንት አያቃናም፤ እንዲያውም ልጁ ጀርባውን እንዲደብቅ ያደርገዋል።

ታዲያ ጀርባቸው መቼ ይታይ? የአሜሪካ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበራት ሴቶችን በ10 እና በ12፣ ወንዶችን በ13 ወይም በ14 ዓመታቸው ማየትን ይመክራሉ። እኛ ጋ ዘግይቶ የሚገባ ተማሪ ስላለ ከክፍል ይልቅ በዕድሜ መሄዱ ይሻላል። ቲቢው ግን ዕድሜ አይጠብቅምና፣ ጀርባዬን የሚል፣ የሚያተኩሰው፣ የከሳ ልጅ የትኛውም ክፍል ይሁን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።